በስመኝ መኪና ላይ የተጨመረው ጉልበት

ቢምረው ያልነዳው የመኪና ዓይነት የለም፤ ሦስት መቶ ሜትር ብቻ ይሁን እንጂ። ሥራው እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ናማል፣ ወደቡ ላይ ነው። አዲስ መኪና ከመርከቡ ሆድ እየነዳ ያወጣል፣ ሜዳው ላይ ደርድሮ ያቆማል፣ ተመልሶ ሌላ ያወጣል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የስንቱን ሀብታም መኪና ከባለቤቱ በፊት እሱ ነድቶታል፤ ማንም ግን አላመሰገነውም።

ለራሱ የገዛው ታዲያ ከሁሉም ያነሰችውን ነው፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ የሚታጠፍ፣ ያረጀች የጃፓን ስፖርት መኪና። ከቅለቷ የተነሳ ጎረቤቶቹ «ንፋስ እንዳይወስድብህ እሰራት» ይሉታል። እሱ ደግሞ «ትንሽ ነች፣ ትንሽ ጉልበት ይበቃታል» ይላቸዋል። «ትልቁ መኪና ግማሹን ይደብቅብሃል። ይች ያላትን ሁሉ ነው የምትሰጥህ።»

ሚስቱ ስመኝ መንዳት የተማረችው በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ በዚችው መኪና ነው። ሪሻዮኑን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ ያገኘችው በአምስተኛው ፈተና ነው፤ ፈታኙ እስኪሰለቸው ድረስ። ዓርብ ዓርብ ከሰፈራቸው ከሮቫ ዛይን ተነስተው በባሕሩ በኩል ይሄዳሉ፤ መሄጃውን እሷ ትነዳለች፣ መመለሻውን እሱ። ኮንቴይነር የጫነ መኪና ፊቷ ሲደነቀር ስመኝ ነዳጁን እስከ ወለሉ ትረግጣለች፤ መኪናዋ ትጮሃለች፣ ማለፍ ግን የለም። ያኔ ስመኝ ትስቃለች። ቢምረው ያንን ሳቅ ሲሰማ ሌላ ነገር ከእግዜር አይፈልግም ነበር።

ስመኝ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። መሄጃውንም መመለሻውንም እሱ ይነዳል።

በዚህ በጋ ቢምረው የሐሞት ጠጠር ሊያስወጣ ሆስፒታል ስድስት ቀን ተኛ። ልጁ ንብረት ሙሳክ፣ መኪና መጠገኛ ቤት ነው የሚሠራው፤ ስድስቱን ቀን በከንቱ አላሳለፈም። አባትየው ወጥቶ ቁልፉን ሲያዞር ድምፅዋ ሌላ ሆኖ ጠበቀው። ትንሽ ነካ ቢያደርጋት ጀርባው ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ፤ የተሰፋው ሆዱ ሊተረተር ምንም አልቀረውም።

«ምን አድርገሃት ነው?»

«ቱርቦ ገጠምኩላት፣ አባ! መሐንዲስ ፈርሞበታል። አሁን እጥፍ ኮዋሕ፣ እጥፍ ጉልበት አላት።»

«አውጣው።»

«አይወጣም። የሞተሩን ውስጡን ሁሉ ቀይሬዋለሁ፤ የድሮው ዕቃ ለብረት ሄዶ ቀልጧል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢምረው ልጁን አላናገረውም። ሲደውልለት ያነሳል፣ ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ይዘጋል።

በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌ መጣ። የንብረት አማርኛ አብዛኛው ዕብራይስጥ ነው፤ ሽማግሌ መላክን ግን ያውቃል። አባ ወንዳለ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ሳሎኑ መሐል ቆሙ፣ ንብረት ከኋላቸው።

«እሽ ካላልከን አንቀመጥም» አሉ።

«ኧረ አንቱ፣ ተቀመጡ፤ ነገሩን ስሙኝና ፍረዱኝ።»

ተቀመጡ። «ምን በደለህ?»

«መኪናዬን አበላሸብኝ።»

«አጋጫት?»

«አላጋጫትም።»

«መሄድ እምቢ አለች?»

«ኧረ በጣም ትሄዳለች።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሦስቱም መኪና ነድተው አያውቁም፤ አባ ወንዳለማ አውቶቡስ ውስጥም ቢሆን ፊት ወንበር አይቀመጡም።

«መኪና መሄዱ ጥፋት ነው እንዴ?»

«አባ ወንዳለ፣ ቀላል ነች እኮ። ድሮ እስከ ወለሉ ብረግጣት ምንም አልሆንም። አሁን ጣቴን ሳስነካት ትነጥቀኛለች፤ እፈራታለሁ። ስመኝ ብትኖር ልትነዳት አትችልም ነበር። የሷ መኪና አይደለችም አሁን።»

አባ ወንዳለ ወደ ንብረት ዞሩ። «ምነው ልጄ? የእናትህን ነገር ለምን ነካህ?»

ንብረት ወለሉን እያየ «ኢማ ነች ያዘዘችኝ፣ እናቴ ራሷ» አለ።

«ምን አልክ?» አሉ አባ ወንዳለ።

«ሆስፒታል ተኝታ እያለች። "ጉልበት ጨምርላት፤ አንድ የጭነት መኪና እንኳ ሳላልፍ ልሞት ነው፤ አባትህ ፊት ስንት ጊዜ አፈርኩ" አለችኝ። "እሱ እንዳለች ነው የሚወዳት፣ እንዳትነግረው" አለችኝ። ሳልሠራላት ቀደመችኝ።»

«ትስቅ ነበር እኮ» አለ ቢምረው።

«አፍራ ነዋ፣ አባ።»

አባ ወንዳለ ብዙ አሰቡና ባርኔጣቸውን አድርገው ተነሱ።

«እኛ የመጣነው አባትና ልጅ ልናስታርቅ ነው» አሉ። «ይሄ የባልና የሚስት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። የአንዷን ቃል ሳንሰማ መፍረድ አንችልም።» ቀልዳቸውን አልነበረም። ሁለቱን መርቀው ወጡ።

አባትና ልጅ ተከታትለው ወደ መኪናዋ ወረዱ። ቢምረው ቁልፉን ለልጁ ሰጠና እሱ ጎን ተቀመጠ። ንብረት አላስነሳትም።

«ሌላስ?» አለ ቢምረው።

«ምን ሌላ?»

«ሌላ ምን ነገረችህ? ከኔ የደበቀችው፣ የቸገራት፣ ያማራት።»

ንብረት መሪውን ይዞ ለማስታወስ ሞከረ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ስለ መኪናዋ ብቻ ነው ያወራነው፣ አባ። ሌላ ነገር አልጠየቅኳትም።»

«እኔም አልጠየቅኳትም» አለ ቢምረው።