አልነቅልም ያለው ሐኪም

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም፤ ከወዲሁ ልናገረውና ይውጣልኝ። ደብረ ታቦር መሥሪያ ቤት ከገባሁ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ ይመስለኛል።

እናቴ ከይፋግ ወዲያ ካለው መንደራችን በሚኒባስ የመጣችው ከፋሲካ በኋላ ነው። የታችኛው የፊት ጥርሷ ሲነካ ያማታል፤ ጠዋት ስትነሣ ምራቋ ደም የነካው ነው። እኛ አገር ጥርስ ካመመ መንቀል ነው፣ ሌላ አናውቅም። ላስነቅልላት ባጃጅ አሳፍሬ የጥርስ ክሊኒክ ወሰድኋት። ሐኪሙ ከሌላ አገር የመጣ፣ ሠላሳ እንኳ የሞላው የማይመስል ሰው ነው። አፏን ሲያይ ቆየና «አልነቅልም» አለ።

ጥርስ ነቃይ አልነቅልም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

«ጥርሳቸው ምንም አልሆነም፤ የታመመው ድዳቸው ነው» አለኝ። እናቴ እንደ እኩዮቿ ድዷን የተነቀሰች ናት፤ የንቅሳቱ ጥቁረት የታመመውን ድድ ቅላት ሸፍኖብን ኖሯል። ከጥርሷ ሥር የደነደነውን ቆሻሻ በመሣሪያ ሲፍቅላት አፏ ደም በደም ሆነ። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ አንሥቶ፣ በፕላስቲክ ጥርስ ላይ እያሳየ፣ ጥርስና ድድ የሚገናኙበትን ቀስ አድርጋ ጠዋትና ከመኝታ በፊት እንድታጸዳ ነገራት። «ደም ቢያዩ እንኳ አይተዉ። ሲጸዳ ነው የሚቆመው። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ይምጡ፣ የቀረውን እጨርሳለሁ።»

ጆሮዬን አላመንሁም። የሚደማን ነገር ፋቂው የሚል ሐኪም ምን ዓይነት ነው? ለምን ባንዴ አይጨርስም? ዛሬ ያቆሰለውን ነገ ሊያክም ነው፣ ሥራው ማመላለስ ነው አልሁ። በመንገድ ላይ እናቴ «ስሚኝማ ልጄ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው፣ እጁም ቀላል ነው» ብትለኝ «አንቺ ደግሞ ሁሉን ታምኛለሽ!» ብዬ ተቆጣኋት።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ አልወሰድኋትም። ሕመሙም ቀለል ብሏት ስለነበር «ምን ይሠራልሻል፣ አገርሽ ግቢ» ብዬ አሳፈርኋት። እሷ እንኳ «ሰውየው ነይ ብሎኝ የለም ወይ» ብላ ነበር። አልሰማኋትም።

ፍልሰታ ሲፈታ ተመልሳ መጣች። ሥጋ ቢቀርብላት ማኘክ አቃታት። አፍሽን ክፈቺ ብዬ ሳይ ሁለት የታች የፊት ጥርሶቿ ምላሷ በነካቸው ቁጥር ይነቃነቃሉ። ደሜ ፈላ። ይኸው፣ አላልሁም? ያናጋባት እሱ ነው ብዬ ልጣላው ይዣት ሄድሁ።

ሐኪሙ ንግግሬን እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «እማማ፣ ያሳየሁዎትን ያደርጉ ነበር?» አላት።

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ትንሽ ሰንብቼ ተውሁት ልጄ። እኔ ቆራቢ ነኝ። ሲነካ ይደማል፤ አፌ እየደማ እንዴት አድርጌ ሥጋ ወደሙ እቀበላለሁ? እንዳይደማብኝ ብዬ ብሩሹንም መፋቂያውንም ተውሁት።»

ለእኔ ይህን አልነገረችኝም። እኔም እሱን ስጠረጥር እሷን አልጠየቅሁም።

ሐኪሙ አልሳቀባትም። ወንበሩን አስጠግቶ፣ ካልተነካ ቆሻሻው ተመልሶ እንደሚደነድን፣ ድዱ እየሸሸ ጥርሱ መያዣ እንደሚያጣ አስረዳት። በየቀኑ በቀስታ ከጸዳ ግን ደሙ እየቀነሰ ይሄዳል። «ሳይደማ ለመቁረብ መንገዱ ይኸ ነው እማማ። ለንስሐ አባትዎም ይንገሯቸው፣ በቁርባን ቀን እንዴት እንደሚያደርጉ እሳቸው ይምከሩዎት» አላት። እናቴ በጥሞና እየሰማች ራሷን ነቀነቀች። እኔ አፈርሁ።

ሁለቱ ጥርሶች ግን የሚተርፉ አልነበሩም። ሌሎቹን እናተርፋለን አለ። የማደንዘዣ መርፌውን እያዘጋጀ ካርዷን ተመለከተና «በቀጠሮዎ መጥተው ቢሆን ያኔ ይህን እነግርዎት ነበር። ምናልባት እነዚህም ባልወጡ። ለምን ቀሩ?» አላት። የጠየቀው እሷን ቢሆንም መልሱ የእኔ ነበር።

እናቴ ቀደመችኝ። «ልጄማ ነይ ልውሰድሽ ብላኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልኋት» አለችውና አፏን ከፈተችለት።