ሚዛን በአራስ ቤት

እዚህ ናይሮቢ የሐበሻ ልጅ ስትወልድ እናቷ አጠገቧ የለችም። የአንዷ እናት ፓስፖርት አላገኘችም፣ የአንዷ ታማለች፣ የአንዷ ሞታለች። ባል ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ ዳይፐር ገዝቶ ሲገባ የወለደው እሱ ይመስለዋል። ስለዚህ ከሰባት ዓመት በፊት እኔና ኩለሱም አንድ ቡድን አቋቋምን። ሥራችን አራስ ማረስ ነው። ተራ ገብተን የወለደችውን እናጥባለን፣ ገንፎዋን እናገነፋለን፣ ወገቧን እናስራለን፣ እሷ እንቅልፍ እንድታገኝ ሕፃኑን እንይዛለን። አሥራ አራት ሴቶች ነን፤ ክርስቲያን ሙስሊም የለም። ኩለሱም ራሷ ኢስሊ ሰፈር ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ምላሷም ከእኔ ምላስ አያንስም።

ልነግራችሁ የተነሳሁት ግን ስለ ሚዛን ነው።

ሚዛን ካዋንግዋሬ የሚባለው የድሃ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ለላቪንግተን ሀብታሞች ቤት መጋረጃ የምትሰፋ ሴት ናት። ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ድምጿ ወፈር ያለ፣ ንግግሯ ቁጥብ። ከስድስት ዓመት በፊት መጣችና "እኔም ልርዳ" አለች። የመጀመሪያ ቀን አላመንኳትም፤ እኔ ማንንም የመጀመሪያ ቀን አላምንም። ጡቷ አብጦ የምትሰቃይ ልጅ ቤት ላክኋት። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ደውላ "እትዬ አጸደ፣ ሌላ ሰው እንዳይልኩብኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እስከ አምና ድረስ አሥራ አንድ አራስ አርሳለች። ሕፃን ሲያለቅስ እኛ እንንጫጫለን፤ እሷ ዝም ብላ ትከሻዋ ላይ ታደርገዋለች፣ ያርፋል። እናቲቱ ሆድ ሲብሳትም "ተይ፣ አራስ አያለቅስም" አትላትም፤ አጠገቧ ቁጭ ብላ እስኪወጣላት እንድታለቅስ ትተዋታለች። ምን እደብቃለሁ፣ ቀንቼባት አውቃለሁ።

ቅናቴ ምክንያት አለው። እኔ አልወለድኩም። በትዳር ዘጠኝ ዓመት ከቆየሁ በኋላ አማቴ "ይቺም ሴት ተብላ!" ብላ ሻንጣዬን ደጅ አውጥታዋለች። ባሌም አልከለከላትም። እዚህ መጥቼ ቡድኑን ስናቋቁም እንኳ የመጀመሪያዋ አራሳችን አክስት "መኻን አራስ ቤት አትገባም" ብላ ሕፃኑን ከእጄ ነጥቃኛለች። ያን ቀን የተነሳችልኝ ኩለሱም ናት። "እሷ ካልገባች አንዳችንም አንገባም" ብላ ጫማዋን ማድረግ ጀመረች፤ አክስትዬዋ አፈረችና ሕፃኑን መለሰችልኝ። እንግዲህ ይህ ሁሉ የደረሰብኝ ሰው ነኝ አሁን የምነግራችሁን ያደረግሁት።

አምና ኪሌሌሽዋ ሰፈር የምትኖር ትዕግስት የምትባል ልጅ ወንድ ልጅ ወለደች። ባሏ ይድነቃቸው የሚሠራው ጁባ ነው፤ መጥቶ ሦስት ቀን አየና ተመለሰ። በቀዶ ሕክምና ስለወለደች ጎንበስ ቀና ማለት አትችልም፤ ልጁን እንኳ አንስቶ የሚያቀብላት ሰው ትፈልጋለች። ሚዛንን መደብንላት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሚዛን ከመድኃኒት ቤት ስትመለስ ከሕንፃው በር ላይ ተገናኘንና አብረን ገባን። አስካሪው፣ ዘበኛው ማለቴ ነው፣ እንደ ደንቡ መታወቂያችንን ተቀብሎ አስቀመጠ። እኩለ ቀን ላይ እኔ ብቻዬን ስወጣ ሁለቱንም ካርድ ዘርግቶ "ማማ፣ ያንቺ የትኛው ነው?" አለኝ።

የሚዛን ካርድ ላይ የተጻፈው የወንድ ስም ነው። ጾታ በሚለው ቦታም ወንድ ይላል። ፎቶው ራሷ ናት፣ ፀጉሯ አጭር ሆኖ። ስሙን አልነግራችሁም፤ አንዴ የጠራሁት ይበቃኛል።

ደሜ ፈላ። አምስት ዓመት ሙሉ ተታለልኩ አልኩ። ተመልሼ ወጥቼ "ሚዛን፣ ይሄ ምንድን ነው?" ብላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አልጠየቅኋትም። ካርዷን ለአስካሪው መለስኩ፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፣ ስልኬን አወጣሁና ለቡድኑ ዋትሳፕ በድምፅ ላክሁ። "አራስ ቤት ወንድ ስናስገባ ኖረናል" አልኩ። ካርዱ ላይ ያየሁትን ስምም ጠራሁ። ምላሴን ይቁረጠው። ሚዛን ራሷ ግሩፑ ውስጥ እንዳለች ትዝ ያለኝ ከማታቱ ስወርድ ነው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት ተሰበሰብን። ሚዛን ትቀራለች ብዬ ነበር፤ መጣች። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ኩለሱም ጀመረች። "ምጥ የማያውቃት፣ ማህፀን የሌላት፣ ምኗ ነው ሴት?" አለች።

ኩለሱም ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም፤ እኔን ጭራሽ ረስታኛለች። ያኔ ጫማዋን እያደረገች የተቆጣችልኝ ሴት ናት እኮ። ይህን ሁሉ እያሰብኩ እኔ ለሚዛን አልተነሳሁላትም።

የተናገረችው ምርቃት ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ የቡድናችን ትንሿ። "አንቲ ኩለሱም፣ እኛም ክላስ ውስጥ ስለ ፌሚኒዝም ስንማር ሁሌ የሚያጣላን ይሄ ነው" አለች። "ሴትን በማህፀኗ መለካት እኛ አይደለንም የጀመርነው። ተግባርሽ መውለድ ነው ብለው ነው ከትምህርት ያስቀሯት፣ ካልወለደች ያባረሯት። ያንኑ መለኪያ ተቀብለን እኛም ሌላ ሰው ካባረርንበት ታዲያ ፖይንቱ ምንድን ነው?"

"ትምህርትሽን ለፈተናሽ አቆይው" አልኳት። የተቆጣሁት ግን ነገሩ ስላልገባኝ አይደለም። በደንብ ስለገባኝ ነው።

ኩለሱምም ክፉ ሴት አይደለችም። "እሺ፣ ማህፀኑን ተዪው" አለች። "አራስ እኮ ገላዋ የተገለጠ ነው። ማን እንደሚነካት ማወቅ የለባትም?" ይህ እውነት ነው። ሁላችንም ወደ ሚዛን ዞርን።

"እሱን ያረስኳቸውን እናቶች ጠይቁ" አለች ሚዛን። ሻርፗን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወጣች።

ማንንም አልጠየቅንም። ስሟ ከተራው ይውጣ ብለን እጅ አወጣን፤ እኔም አወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ትዕግስት ጋ ሄድኩ። ልጇ ያለቅሳል፣ እሷ ግድግዳ ይዛ ልትነሳ ትታገላለች። ልጁን አንስቼ አቀበልኋት።

"ሚዛን የት አለች?" አለችኝ።

"ከእንግዲህ አትመጣም። አንቺ አላወቅሽም እንጂ..."

"አውቃለሁ" አለች። "ገና በመጀመሪያው ቀን፣ እጇን ሳታሳርፍብኝ፣ ወንበር ስባ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ካልፈለግሽ አሁን እሄዳለሁ፣ ለማንም ምክንያት መስጠት የለብሽም አለችኝ። ትንሽ አሰብኩና ቆዪ አልኳት።"

እዚያው ቁጭ ብዬ ስልክ መደወል ጀመርኩ። ያቺን ጡቷ አብጦ የነበረችውን ጠየቅሁ፤ ታውቃለች። ሩንዳ ሰፈር አሠሪዎቿ ግቢ የምትኖረውን ሌላዋን አራስም ጠየቅሁ፤ ታውቃለች። አሥራ አንዱም ያውቃሉ። ከእነሱ ሌላ አንዲት ልጅ ብቻ "እኔ አልችልም" ብላት ነበር፤ ሚዛን ለእኛ ጉንፋን ይዞኛል ብላ ተራዋን ለሌላ ሰጥታ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ከእነዚህ ሁሉ ሴቶች አንዷ ትንፍሽ አላለችም።

"ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?" አልኩ።

ትዕግስት ልጇን እያጠባች ነው። ቀና ብላ አየችኝና "እርስዎ አራስ ሆነው አያውቁማ" አለች። ክፋት የላትም፤ የጠየቅኋትን ነው የመለሰችልኝ።

ከዚያ በቀጥታ ካዋንግዋሬ ወረድኩ። ሚዛን መጋረጃ እያጣጠፈች ካርቶን ውስጥ ትከታለች። ድምፄን ከግሩፑ ውስጥ አንዷ ለሌላ ሰው ልካው፣ ያም ለሌላው ልኮት፣ አከራይዋ ዘንድ ደርሷል። ወሩ ሲያልቅ ልቀቂ ብሏታል። የአንድ ሰው ቤት እንዲፈርስ የእኔ አፍ በቃ ማለት ነው።

"በድዬሻለሁ" አልኳት። "ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም አልልሽም፤ ምክንያቱን ሰምቻለሁ።"

"ምን ሰሙ?"

የትዕግስትን ቃል ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። "እሷ ያለችው ከራሷ ነው" አለች። "እኔ ልነግርዎት ነበር። ሁልጊዜ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እል ነበር። አማትዎ ያሉዎትን ያጫወቱኝ ዕለት፣ ከሁሉም በላይ ይሄን ነገር የሚረዱት እርስዎ ነዎት ብዬ ነበር።"

ምን ልበል? አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። "አንድ ትርፍ ክፍል አለኝ፤ ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ" አልኳት።

"አመሰግናለሁ፣ እትዬ" አለች። "ግን እፈራዎታለሁ።"

በቁጣ አይደለም የተናገረችው። መጋረጃውን አጣጥፋ ጨረሰችና "ትዕግስት ጋ አሁን ማን አለ?" አለችኝ። ማንም የለም አልኳት። ቦርሳዋን ያዘች፣ እኔን ቀድማ ወጣች፣ በሩን እንድዘጋላት ቁልፉን ሰጠችኝ።

ያንኑ ዕለት ለዚያው ግሩፕ በዚያው ድምፄ ጥፋቴን ተናገርኩ። ተሰብስበንም ስሟን ወደ ተራው መለስነው፤ ኩለሱም እጇን ለማውጣት ዘገየች፣ ግን አወጣች። ሚዛን ግን ከግሩፑ ወጥታ ነበር፤ አልተመለሰችም። አሁን የምትኖረው ከምርቃት ጋር ነው። እኔን ስታገኘኝ ጤናዬን ትጠይቃለች፣ ስለሌላ ነገር አናወራም።

ቡድናችን እስካሁን አለ። የሚወልዱት ልጆች ግን መጀመሪያ የሚደውሉት ለእሷ ነው። ለእኛ የሚደውሉት እሷ ካልተመቻት ብቻ ነው።