በቤታችን የተከለከለው ቃል

ከባኮ የበቆሎ መጋዘን ያመጣሁት ትንሽ ውሻ አይጥ ከማሳደድ ሌላ ሥራ አያውቅም። አባቱ የፈረንጅ ዘር ነው ብለውኛል፤ ጠባዩን ሳይ ግን የሰይጣን ዘር ይመስለኛል። እንደ አምቦ ሰው ሁለት ቋንቋ ይሰማል። በኦሮምኛ «ቀቢ» አሉት፣ በአማርኛ «ያዘው» አሉት፣ ያው ነው፤ ዘሎ ይይዛል። «ተው» የሚለው ግን በየትኛውም ቋንቋ አይገባውም።

ቤት በገባ ቀን ድመታችንን አየና ተወረወረ። ባለቤቴ «ያዘው፣ ያዘው» እያለች ጮኸችብኝ። ውሻውን ያዝልኝ ማለቷ ነው። እሱ ደግሞ አይዞህ ያለችው መሰለውና ባሰበት። ድመቷ መጋረጃው ላይ ወጣች፣ መጋረጃው ከነብረቱ ወረደ፣ ጥፋቱም የእኔ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ በቤታችን ተከለከለ። ባለቤቴ ልጃችንን ስታቀብለኝ እንኳ «እንካ» ብቻ ነው የምትለው። ድመቷም ከቁም ሳጥኑ አናት ወርዳ መብላት ጀመረች።

ለፋሲካ ዋዜማ አማቴ ቀይ አውራ ዶሮ አንጠልጥለው ከአዲስ ዓለም መጡ። ክልከላውን የነገራቸው የለም። በር ላይ እንደደረሱ ክንዳቸው ዝሎ ዶሮውን ወደ እኔ ዘረጉና «እስቲ ልጄ፣ ያዘው» አሉ።

እጄን ገና አልዘረጋሁም ነበር፤ ላባው ጎረቤት ግቢ ድረስ በነነ። ውሻው የሞተውን ዶሮ እግራቸው ሥር አስቀምጦ ጭራውን ቆላ።

አማቴ ዶሮውን አዩ፣ ውሻውን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩ።

«እሱስ ሲያዙት ይታዘዛል» አሉ።