የለቅሶ ቤት ሥራ

አልታየሽ የምትኖረው ለንደን፣ ብሪክስተን ሰፈር ነው። ታጸዳበት የነበረው ሆቴል ሠራተኛ ሲቀንስ ከሥራ ወጣችና ቢሮ እየሄደች እየፈረመች የሥራ አጥ ገንዘብ መቀበል ጀመረች። አንድ ቀን ገንዘቡ ቆመ። ለምን ብላ ብትጠይቅ፣ «ኤድመንተን ሰው ቤት ተቀጥረሽ ወጥ ቤት ስትሠሪ ታይተሻል» አሏት።

መታየቱንስ ታይታለች። የጓደኛዋ የሮማንወርቅ ወንድም አዲስ አበባ ላይ በደርግ መገደሉ ተሰምቶ፣ ለቅሶው እስኪያበቃ በየቀኑ ከለንደን ሌላው ዳር፣ ኤድመንተን፣ ሮማንወርቅ ቤት እየሄደች ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ሰሃን ስታጥብ ነበር። የቢሮው ሰው ግን ይህን ሁሉ ቀን በነጻ የሚሠራ ሰው አለ ብሎ ማመን አቃተው። ይግባኝ አለች። ምስክር አምጪ ተባለች።

እዚያ ቤት የገባው ሐበሻ ብቻ ስለነበር ጠቋሚው ከእኛው ነው። ሁላችንም መርዕድን ጠረጠርን። መርዕድ ማን የት እንደሚኖር መጠየቅ ይወዳል። ለደርግ ወሬ ያቀብላል ይባላል፤ መጀመሪያ ማን እንዳለው ግን አላውቅም።

ሮማንወርቅን መስክሪልኝ ብትላት፣

«አልቲዬ፣ ሌላ ነገር ጠይቂኝ። ስሜ የመንግሥት ወረቀት ላይ እንዳይገባ። እናቴ እዚያው አገር ቤት ናት» አለቻት።

«የእንግሊዝ መንግሥት ነው እኮ።»

«መንግሥትና መንግሥት አይጠፋፉም።»

ይግባኙ በሚታይበት ቀን ብቻዋን ሄደች። በሩ ላይ መርዕድ ክራቫት አስሮ ቆሟል። ሊመሰክርባት የመጣ መሰላት።

ገብቶ ግን እንዲህ አለ፦

«እኔም እዚያው ጓሮ ድስት ስፈገፍግ ነበር። ማንም አልከፈለኝም። በእኛ አገር ለለቅሶ ሥራ ዋጋ የተቀበለ ሰው፣ በራሱ ሲደርስበት ደጁን የሚረግጥ የለም።»

ዳኞቹ ተነጋግረው ገንዘቧ እንዲለቀቅላት ወሰኑ።

ውጭ ሲወጡ አላመሰገነችውም።

«ቀኑን ማን ነገረህ?»

«ሮማንወርቅ።»

«እሷ ደግሞ መቼ ታናግርህና?»

«አታናግረኝም። ትናንት ደውላ፣ ‹ያንተ ስም እንደሆነ ቀድሞ ጠፍቷል፤ ሂድና መስክርላት› አለችኝ።»

አልታየሽ ሳቋ መጣባትና ዋጠችው።

«የጠቆምኩት እኔ መስዬሻለሁ አይደል?» አላት።

«ነህ እንዴ?»

«ብሆንስ ነኝ እልሻለሁ?»

የብሪክስተን አውቶቡስ መጣ። መርዕድ ተሳፈረና፣ «ነይ እንጂ» አላት።

አልታየሽ ሐበሻ ይኖር እንደሆነ ፌርማታው ላይ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው።

«አንተ ሂድ። እኔ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ።»