አመድ የለበሰው ኑግ

ያን ሰሞን ነፋሱ ከጋን ሽሙኤል የጭማቂ ፋብሪካ በኩል ሲነሳ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ይዞ ክፍላችን ይገባ ነበር። እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ ውስጥ አራተኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ስለ ዘር እየተማርን ነበርና መስኮቱን ከፍቼ እተወዋለሁ፤ የልጆቹም የእኔም ግማሽ ልብ ውጭ ነው። ሰሊጥ ወቅጠን ተሂና ሠራን። የሱፍ ፍሬ ወረቀት ላይ ደፍጥጠን የዘይቱን ወዝ በብርሃን አየን። ፍሬውን ከጥጡ ስንለቅም አንዱ ልጅ «ሸሚዜም ከዚህ ነው?» ብሎ ጠየቀና ቀኑን ሙሉ እጅጌውን ሲዳብስ ዋለ።

ለወላጆች መልእክት ላክሁ፤ ቤት ያለ ዘር ካለ ላኩልን፣ አያቶችም ሐሙስ መጥተው ያሳዩን አልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ከነቬ ሐይም ሰፈር የምትመጣ አንዲት ዝምተኛ ተማሪዬ ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ አመጣች። «ሳባ ለኪታችን የላከው ነው፤ ማሐር ራሱ ይመጣል» አለችኝ። ዕብራይስጡን ቀላቅላ ነው፤ ሳባ የምትለው አያቷን፣ ኪታ ክፍላችንን፣ ማሐር ደግሞ ነገን ነው። ስፈታው ኑግ ነው፤ ሁለት እፍኝ አይሞላም፣ አመድ ለብሷል። እኒህ ሰውዬ ምድጃ ውስጥ ነው እንዴ የሚያስቀምጡት ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ደጋግሜ አጥቤ ፎጣ ላይ አሰጣሁት።

ሐሙስ አያቶቹ ከመድረሳቸው በፊት ልጆቹ ከብበውኝ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቆላሁት። ኑጉ መንጣጣት ሲጀምር ሽታው ይዞኝ ሄደ። የአምስት ዓመት ልጅ ሆኜ አባቴ ትከሻ ላይ ነበርኩ፤ ግራና ቀኙ ቢጫ አበባ፣ እሱ ይራመዳል፣ ቢጫው አያልቅም። ምን ያህል እንዳማሰልኩ አላውቅም። ልጆቹ እየጠሩኝ ኖሯል። ወቅጠን፣ በማር ለውሰን፣ በትንንሽ ኩባያ አደልን። ጣት ያልላሰ አልነበረም።

የዝምተኛዋ ልጅ አያት የገቡት ያኔ ነው። ኮታቸው ተተኩሷል፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ ብብታቸው ሥር ትንሽ መኮትኮቻ አለች።

«ልጄ፣ መሬቱ የት በኩል ነው?» አሉኝ።

መኮትኮቻዋን ሳይ አመዱ ገባኝ። ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ነቀዝ እንዳይደፍረው በአመድ ያሸዋል። አባቴም ያደርገው እንደነበር ትዝ ያለኝ ገና አሁን! በልጅነቴ መጥቼ እዚህ ያደግሁ ሰው፣ ኑግ መብላት እንጂ መዝራት የት አውቃለሁ? ፊቴ በእፍረት ጋለ።

«ቆላሁት፣ አባባ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ከልጆቹ ወንበር አንዱ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ዘሩ ጎንደር ከተዉት ከገዛ ማሳቸው የመጣ ነው አሉኝ። እዚህ ከገቡ ጀምሮ በየዓመቱ በረንዳቸው ላይ ባልዲ ውስጥ እየዘሩ ለከርሞ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሰበስባሉ። ዘንድሮ የልጅ ልጃቸው ክፍል እንዲዘራው ብለው አንድም ሳያስቀሩ ላኩት።

«ከሱቅ ገዝቼ እተካልዎታለሁ» አልኩ። ገና ከአፌ ሲወጣ ጠላሁት።

«የሱቁ የማን ማሳ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የልጅ ልጃቸው ያልጨረሰችውን ኩባያ ይዛ መጣች። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አገር ከለቀቅሁ ቀምሼው አላውቅም» አሉ። «ለዘር ነው እያልኩ። ጣዕሙን እንኳ ረስቼው ነበር።»

ከዚያ ኩባያውን ለልጅቱ መለሱላት።

«አንቺ ጨርሺው። እኔ እንደገና መርሳት አለብኝ።»