ከባሕር ጋር የተቆለፈብኝ ቀን

ባለፈው እሁድ ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ከፍተው የባሕር ውስጥ ፊልም ያያሉ። ዓሣው ይተራመሳል፤ ከሥር ደግሞ ያ ቅርንጫፍ ያለው፣ ድንጋይ የሚመስለው ነገር ወጣ። «ይሄ እኮ ድንጋይ አይደለም፤ ነፍስ አለው» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። ትንሹ ወንድምሽ «እማማ ደግሞ፣ ላንጋኖን እንኳ ሳያዩ!» አለኝ። አልተቀየምኩትም። ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን የምታሽ አሮጊት ስለ ባሕር ምን ታውቃለች ቢል ይፈረድበታል? አንቺ ግን ከየት አወቁት ብለሽ ጠየቅሽኝ። እንግዲያው ጻፊው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አቃቂ ጣቢያ ያኔ ሰው የሚጋፋበት ነበር። ባቡር ሲቆም በመስኮት በኩል የተቀቀለ እንቁላል በሚጥሚጣ እሸጣለሁ። እናትሽ ገና ቁጭ ማለት እንኳ አልጀመረችም። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ጋ እተዋትና ባቡሩ ሲያልፍ ሮጬ አጠባት ነበር። አያትሽ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር።

ክረምት ነበር፤ ያውም ሰማዩ የተቀደደ የሚመስልበት ክረምት። ወደ ከተማው በኩል ጎርፍ ከሐዲዱ ሥር አፈሩን ጠርጎ ወሰደውና ከጅቡቲ የመጣው ባቡር እኛ ጋ ቆመ። መንገደኛው በመኪና ሄደ። አያትሽንም ከነጓደኞቹ ለጥገና ወሰዷቸው። አንድ የከብት ፉርጎ ብቻ ገለል አድርገው አቆሙት። ጎንና ጎኑ ርብራብ ነው፤ በጣውላው መሀል እጅ የሚያሳልፍ ክፍተት አለው።

ውስጡ ግን ከብት የለም። በርሜል ነው። ከፉርጎው ጋር የመጡት ሦስት ናቸው፦ አንድ የኛ ሰው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ መምህር ተፈራ የሚሉት፤ አንዲት ማዳም የምንላት ፈረንጅ፤ ሌላው የጉምሩክ ሰው። መምህሩ እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ደም መስሏል። እንቁላል ሲገዛኝ ምን ይዛችሁ ነው ብዬ ጠየቅሁትና አስገብቶ አሳየኝ። የጣት ጥፍር የሚያህል ባለመስመር ዓሣ አለ። ያ ነፍስ ያለው ድንጋይ አለ፤ ሐምራዊ፣ ቢጫ። አንዱ በርሜል ውስጥ ደግሞ የፈረስ አንገት ያለው፣ ጭራውን በሣር ላይ የጠመጠመ፣ ሆዱ የተነፋ ፍጥረት ቆሟል። አዎ፣ ቆሟል ነው የምልሽ። አማተብኩ።

መምህሩ እንደነገረኝ፣ እሱና ማዳሟ ከሁለት አገር ሆነው አንድ ሥራ ነው የያዙት። መርከቦቹ ዘይትና ቆሻሻ ሲደፉ ያ ነፍስ ያለው ድንጋይ ይሞታል፤ ዓሣውም ቤት ያጣል። ሳያልቅ በፊት የትኛው ነገር እንደሚገድለው ለይተው ሊያውቁ ነው። የማዳሟ መሣሪያ ያለው አዲስ አበባ ነው። እነዚህ መንገድ ላይ ካለቁ ደግሞ የብዙ ጊዜ ድካም ገደል ገባ።

በእግር የሚረገጥ መንፊያ ነበራቸው። ቀጫጭን ጎማ ወደየበርሜሉ ይገባል፤ ስትረግጪው ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ካቆመ ይታፈናሉ። የጭነት መኪና ፍለጋ ከተማ መሄዳቸው ነውና እስከ ምሳ ድረስ ትረግጪልናለሽ ወይ አለኝ። ልጄን ገና ማጥባቴ ነበር። እስከ ምሳ ምን አላት ብዬ እሺ አልኩ። አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ፦ ጨው የሌለበት ውሃ ጠብታ እንዳይገባባቸው፤ ይሞታሉ።

እነሱ ወረዱ። የጉምሩኩ ሰው መጨረሻ ላይ በሩን ገፋውና ጓጉንቸሩን ቀርቅሮ ማኅተም አሰረበት።

«ኧረ እኔ ውስጥ ነኝ!»

«አውቃለሁ እህቴ። ክፍት ፉርጎ ትቼ አልሄድም፤ ደንብ ነው» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ሄደ።

ምሳ ሰዓት መጣ፣ አለፈ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ቀኝ እግሬ ሲዝል በግራው፣ ግራው ሲዝል በቀኙ እረግጣለሁ። የጣቢያው ዘበኛ ጋሽ ወርቁ መጥቶ በርብራቡ አጮለቀና ወንዙ የመኪናውን ድልድይ እንደሸፈነው ነገረኝ። ዛሬ ማንም አይሻገርም አለ። በሩን ይስበሩልኝ ብዬ ለመንኩት። የጉምሩክ ማኅተም ከተበጠሰ የኔም እንጀራ ተበጠሰ አለኝ፤ ሲል ደግሞ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ውሃ ጠማኝ። በዚያ ሁሉ በርሜል መሀል ቆሜ ውሃ ጠማኝ! በእፍኜ ጨልፌ ብቀምሰው ጨው ብቻ ነው፤ ተፋሁት። እኔ ባሕርን የቀመስኳት ያን ቀን ነው። ጋሽ ወርቁ የዝናብ ውሃ በጣሳ አቀበለኝ፤ ጠጣሁ። ሌላ ጣሳ አመጣና «ለነሱም አጠጫቸው እንጂ፤ እንግዳ አይደሉ?» አለኝ። አይሆንም ብለው እንዴት እሺ ይበል፤ በውሃ የሚሞት ዓሣ የት አገር አለ እያለ አጉረመረመ። ይባስ ብሎ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ በዚያው በፈረሱ በርሜል ላይ። እንቁላሌን ወለሉ ላይ ዘርግፌ በትሪዬ ከደንኩት።

ከዚያ ጡቴ አጋተ። ያላጠባች ሰው አታውቀውም። ቀሚሴ ራሰ። እላይ ሰፈር ያለች ልጄ እዚያው ፉርጎው ውስጥ የምታለቅስ መሰለኝ። በጡጫ በሩን ደበደብኩት፤ እጄ ነው ያበጠው። ፈረሱን አየሁት፤ ዝም ብሎ ያየኛል። የኔ ልጅ ታልቅስ፣ አንተ ተንፍስ አልኩት። እግሬ ግን መርገጡን አልተወም።

አዴ ጫልቱ ሲጨንቃት ልጄን በጋቢ ጠቅልላ በዝናብ መጣች። የልጄ ድምፅ ተዘግቷል። ጋሽ ወርቁን በኦሮምኛ አወረደችበት፤ ቁልፉ እሱ ጋ እንዳልሆነ ሲገባት «ታዲያ ምን ይገትርሃል? መቆሚያ አምጣልኝ!» አለችው። ባዶ በርሜል አንከባሎ አመጣ። ወጣችበትና ልጄን ከርብራቡ ጋ አስጠጋቻት። ጡቴን በክፍተቱ አወጣሁ። ጋሽ ወርቁ አዴ ጫልቱ እንዳትወድቅ እግሯን ደግፎ ይዟል።

«ወዲያ ዙር» አለችው።

«ዞሬያለሁ። የማየው ሐዲድ ብቻ ነው።»

ልጄ ያዘችልኝ። ደረቴ ጣውላው ላይ ተለጥፏል፣ አንድ እግሬ ወደ ኋላ ተዘርግቶ መንፊያውን ይረግጣል። በዚህ መሀል የአንዱ በርሜል ጎማ ወለቀ። አየሁት፤ የባለመስመሮቹ ነው። ልጄን ከጡት ነጥዬ ሁለት እርምጃ ብሄድ እመልሰው ነበር። አልሄድኩም። ጠግባ እስክትተው ጠበቅሁ። ሄጄ ሳየው ሆዳቸውን ወደ ላይ ሰጥተው ሞተዋል።

እነመምህሩ ሊመሽ ሲል ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው በእግር መጡ። ውሃው ጎደል እስኪል ድረስ ማዶ ቆመው ነው የዋሉት። በሩ ሲከፈት ማዳሟ እኔን አልፋ ወደ በርሜሎቹ ሮጠች። እኔም እሷን አልፌ ወደ ልጄ ሮጥኩ። መምህሩ የራሰ ቀሚሴንና ልጄን አይቶ ክው አለ። የምታጠቢው ልጅ እንዳለሽ ለምን አልነገርሽኝም አለኝ። ማን ጠየቀኝ?

ባለመስመሮቹ አልቀው ሌላው ሁሉ ተርፏል። ማዳሟ ፈረሱን አይታ አለቀሰች። ሆዱ የተነፋው አርግዞ ነው፤ የሚያረግዘውም ወንዱ ነው ብሎ መምህሩ ነገረን። ጋሽ ወርቁ አሰብ አደረገና «ማጥባቱንስ?» አለ። አዴ ጫልቱ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ግድግዳ ያዘች።

ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ስሜ ወጣ። ልጇ እያለቀሰች አደራዋን ያልተወች ይሉኛል፤ አያትሽም እስኪሞት ድረስ በዚህ ይኮራ ነበር። እኔም ዝም እላለሁ። በሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ግን ገና ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ጥያቸው ሄጄ ነበር። ፈረሱም፣ ያ ነፍስ ያለው ድንጋይም ያልቁ ነበር፤ እኔም እናትሽን አቅፌ አልጸጸትም ነበር። ስለዚህ ዛሬም እገሌ ይህን ያህል ችሎ፣ ይህን ያህል ታምኖ ሲባል ስሰማ፣ መጀመሪያ መጠየቅ የምፈልገው በሩ ክፍት ነበር ወይ ብዬ ነው።