ከኡላዱላ የተሳፈረችው ሴትዮ

ከኡላዱላ ወደብ ወደ ሲድኒ በጓደኛዬ በክላይቭ ትንሽ የሸራ ጀልባ ስንሄድ አንዲት የማናውቃት ሴትዮ አሳፈርን። ስድሳ ይሆናታል። የለበሰችው የዝናብ ካፖርት የወንድ ስለሆነ እጅጌውን ሁለቴ ጠቅልላዋለች። ገመድ ሙጭጭ አድርጋ ይዛ፣ ዓይኗን ከባሕሩ ላይ አትነቅልም።

ከሰዓት የደቡቡ ንፋስ ድንገት ተነሳ። ጀልባዋ በጎኗ ስትጋደም ጠርዟን ጨበጥኩ። ክላይቭ ግን መሪውን እንደያዘ ሳቀ።

«አይዞሽ እትዬ! ይቺ ጀልባ ከሚስቴ ይልቅ ትታገሰኛለች።»

«ባሌም እንዲሁ እየቀለደ ነው ወደ ባሕር የወጣው፤ አልተመለሰም» አለች። «በናትህ ሸራውን አውርደው!»

የክላይቭ ሳቅ ጠፋ። ሸራውን አውርደን፣ በሞተር ቅርብ ወዳለው ወደብ ገባን።

መልሕቅ ከጣልን በኋላ፣ ይህን ያህል እየፈራሽ ለምን ተሳፈርሽ አልኳት።

«እሱ መጨረሻ ላይ ያየውን እኔም ልየው ብዬ ነው» አለችኝ።